የወንድሜ ጊታር ራስ ላይ የጻፍኩት

ወንድሜ የሞተው ከደባርቅ ሠርግ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ነው። ጊታርና ስፒከር ጭነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ይሠራለት የነበረው ባለ ሱቅ ለቅሶ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ አጠገቤ ተቀመጠና ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ እንደሚያጽናና ሰው ጠጋ ብሎ «ትልቁ ስፒከር እንኳ ተርፏል» አለኝ።

ያኔውኑ መልስ መስጠት ነበረብኝ።

የወንድሜን ሥራ መናገር ይከብደኛል። ጥሩ ሥራ አልነበረም። ግን ጥሩ አድርጎ ይሠራው ነበር። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልለው አልቻልኩም።

ባለ ሱቁ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ የሙዚቃ ዕቃ ይሸጣል፣ ለሠርግም ያከራያል። ጊታሩም ሚክሰሩም በካርቶን ይመጣል። አብዛኛው ስም የለውም፤ ካለውም ማንም የማያውቀው ስም ነው። የሠርግ ተጫዋች ደግሞ ስም ይፈልጋል። በስልኩ ላይ ታላላቆቹ ይዘውት ያየውን ስም ይፈልጋል። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ያንን ስም በስቲከር ይለጥፍ ነበር። ስቲከር በላብና በፀሐይ ይነሳል። ገዥውም ነቃ፤ ከመግዛቱ በፊት በጥፍሩ ጫር አድርጎ መፈተን ጀመረ። ወንድሜን ያን ጊዜ ቀጠረው።

አባታችን ቁም ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። አሁን ዓይናቸው ፈዟል፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ። ልጅ ሳለን ሁለታችንንም ከትምህርት ቤት መልስ ግቢ ውስጥ አስቀምጠው ፊደል አጣጣል ያስተምሩን ነበር። መቃ ብዕር እንዴት እንደሚቀረጽ፣ እጅ ሳይንቀጠቀጥ እንዴት ወደ ታች እንደሚወርድ። የወንድሜ እጅ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። የእኔ ይጫናል። «ፊደሉን አትቀጥቅጠው፣ ብረት አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ያለ ሥራ ቀረን። ወንድሜ በዚያ እጁ ወርቃማ ቀለም እያጠቀሰ፣ በጊታሮቹ ራስ ላይ የፈረንጁን ድርጅት ስም መጻፍ ጀመረ። የድሮውን ስም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ያለሰልሳል፣ ይጽፋል። ሲደርቅ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ሲያዩት ከፋብሪካ የወጣ ነው። ጥፍር አያነሳውም።

ለአባታችን ግን «የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ» ብሎ ነበር የነገራቸው። እሳቸውም «ሸጋ ነው፤ ሰው ያነበዋል» ብለው ደስ አላቸው።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ይህ ሌብነት አይደለም?»

«ማንን ሰረቅኩ? ፈረንጁን? ይምጣና ይውሰደኝ።»

«ገዥውንስ?»

«ገዥው ያውቃል።»

«አያውቅም።»

«ያውቃል እልሃለሁ። በዚህ ዋጋ ያ ጊታር እንደማይገኝ የማያውቅ ሰው ጎንደር ውስጥ የለም። ሠርገኛው እንዳያውቅበት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። አሁን ያ ሳቅ ያናድደኛል። በእሱም እናደዳለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን እናደዳለሁ።

ያው ወንድሜ ደግሞ ለራሱ አንድ ጊታር ሠራ። በትርፍ ሰዓቱ፣ ሱቁ ጓሮ ውስጥ። ገላዋን ከዋንዛ፣ አንገቷን ከወይራ ጠረበ። መቃኛውንና ሽቦውን ከተሰበሩ ጊታሮች ሰበሰበ። ሁለት ጊዜ አንገቷ ተሰነጠቀና ሁለቴ እንደገና ጠረበ። ሲጨርሳት ራሷ ላይ ምንም አልጻፈም።

«ምነው ባዶ ተውካት?» አልኩት።

«እሷ ላይ አልጽፍም።»

«የራስህን ስም እንኳ?»

«ማን ያውቀኛል? ባዶ ትሁን። የሰማት ይጠይቃል።»

እነዚያን ክሮች ሲነካ ሰምቻለሁ። ድምጿ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ስለ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም፤ ይህን ግን አውቃለሁ።

ከቀብሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ ሱቁ አስጠራኝ። አምስት ጊታር ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። አራቱ የካርቶን ናቸው። አምስተኛዋ የወንድሜ ናት።

«እጅህ ከእሱ እጅ አንድ ነው ሲሉ ሰማሁ። እነዚህን ጻፍልኝና ቦታው የአንተ ይሁን። አባትህንም ማን ይጦራቸዋል?»

«ጋሼ፣ ይህችን ግን ወንድሜ ለራሱ ነው የሠራት።»

«እንጨቱን ማን ገዛ? ቫርኒሹ የማን ነው? የት ቤት ቁጭ ብሎ ሠራት?»

ሁሉም የባለ ሱቁ ነው። እንጨቱ የእሱ፣ ቫርኒሹ የእሱ፣ ቤቱ የእሱ። የወንድሜ እጅስ? አልኩ በሆዴ። ሥራ አልነበረኝም። አራቱን ጻፍኩ። ባለ ሱቁ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። አምስተኛዋን ወደ እኔ ገፋት።

ሳላውቅ አይደለም። ማንም እጄን አልያዘኝም። አውቄ ነው የጻፍኩት። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ቀለሙን ወፍራም አድርጌ ጻፍኩ፤ ቫርኒሽ እንኳ ሳልቀባበት ወጣሁ። በማግስቱ ሱቁ አልሄድኩም። ከዚያም በኋላ አልሄድኩም።

የአርባው ተዝካር ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንድሜን «እጀ ወርቅ ነበር፣ እጀ ወርቅ ነበር» ይል ነበር። አባታችን ይሰማሉ። ሰው ሲበተን ጠሩኝ።

«እጀ ወርቅ ነበር ይላሉ። እኔ ግን የሠራውን አላየሁም። ዓይኔም ሄዷል። አንድ የሠራውን ነገር አምጣልኝ፣ ልዳብሰው።»

«ማስታወቂያውን ነው አባ?»

«ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ነው፣ እንዴት ታመጣዋለህ? የእጁን ሥራ። አንድ ነገር። ትንሽም ትሁን።»

ምን ላምጣ? ወንድሜ የነካው ዕቃ ሁሉ የሰው ስም ተሸክሟል። አንዲት ባዶ ነበረች፤ እሷንም እኔ አበላሸኋት። ሆኖም ሌላ ስለሌለ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

«ሸጥኳት» አለ ባለ ሱቁ።

«የወንድሜን?»

«የምን የወንድሜ ነው? ኦሪጅናል ብዬ ነው የሸጥኳት። ኦሪጅናል ያደረግሃት ደግሞ አንተ ነህ።»

የገዛት ቀሐ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር የሠርግ ተጫዋች ነው። የጃናሞራ ሰው ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጊታሯን እየቃኘ ነበር። ሰላምታ ሳልሰጥ ነው መሰለኝ የጀመርኩት።

«ይህችን ጊታር ወንድሜ ነው የሠራት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ወንድምህ ፈረንጅ ነው?»

«እዚሁ ጎንደር ነው የሠራት። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። ግን ተሳስተሃል። ይህች ከውጭ የመጣች ናት። ሽታዋ ራሱ የውጭ ነው፣ አሽትታት።»

«የሸተተህ ዋንዛ ነው! አገርህ ከበሮ የሚሠራበት ዋንዛ!»

«አንተ ልጅ፣ ተታለልክ ልትለኝ ነው የመጣኸው? ቀናተኛ!» ራሷን ወደ እኔ አዞረና በጥፍሩ ፊደሉን ጫረው። «ይኸው፣ አይነሳም! የውሸት ቢሆን ይነሳ ነበር።»

ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁ። አጠገቡ የሠርግ ጥሪ ካርድ ወድቆ ነበር፤ አነሳሁና ጀርባው ላይ ያንን ስም ጻፍኩት። ሳልሰርዝ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሰጠሁት። ካርዱን ከጊታሯ ራስ አጠገብ ያዘው። አንዴ ይህን ያያል፣ አንዴ ያንን ያያል።

አሁን ይቆጣል አልኩ። ተነስቶ ሱቁ ይሄዳል፣ ይጮሃል፣ ገንዘቤን መልስ ይላል፣ ጊታሯም ትመለሳለች። እውነቱን ስለተናገርኩ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር።

ቤት ገብቶ አምፕሊፋየር ይዞ ወጣ። ጥቁር፣ ስም የሌለው።

«እዚች ላይም ስሙን ጣልልኝ» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

«አልሰማኸኝም? ውሸት ነው እያልኩህ!»

«ሰማሁህ። ሸጋ ነው የጻፍከው። ወርቃማ ቀለም አለህ?»

ልመታው ነበር። ግን አባቴ ቤት እየጠበቁኝ ነው። ለአንድ ቀን ጊታሯን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። እሱም መልሱን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ፤ ጻፍና ውሰድ አለኝ። ቀለም ገዝቼ መጣሁና ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩለት። ወንድሜ የሠራትን ጊታር ለአባቱ ለማሳየት፣ እንደገና ያንን ስም ጻፍኩ። ምን ዓይነት ነገር ነው ይህ?

አባታችን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጊታሯን ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ሁለቱን መዳፋቸውን ገላዋ ላይ አኖሩ። ጎኗን በጣታቸው መቱት።

«ዋንዛ ነው።»

«አዎ አባ።»

«አንገቱ ሌላ ነው። ወይራ ነው። ሁለቱን እንዴት አጋጠማቸው? ስፌቱ እኮ አይታወቅም።» ጣታቸው ወደ ላይ ሄደ። ፈገግ ብለው ነበር። ራሷ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወፍራሙን ቀለም አገኙት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዳሰሱት፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዳሰሱት።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ።»

ከየት አወቁ?

«የእሱ እጅ ሲጨርስ ይነሳል። የአንተ ሲጨርስ ይጫናል። ምን ይላል?»

«የፈረንጅ ስም ነው አባ። የድርጅት።»

«እነሱ ናቸው የሠሩት?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምነው ስማቸውን ጻፍክላቸው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሱቁን፣ ስቲከሩን፣ ማስታወቂያ ያለው ውሸት መሆኑን፣ ባለ ሱቁን፣ እኔ የጻፍኩትን። አምፕሊፋየሩንም ጭምር። ስናገር አለቅስ ነበር፣ እሳቸው አላለቀሱም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ያን እጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ፊደል ስታጣምሙ እቆጣ ነበር። በምትጽፉት ነገር ነበር መቆጣት የነበረብኝ።» ከዚያ «የብራና ዕቃዬ ያለበትን ሳጥን አምጣ» አሉኝ።

ከሳጥኑ ትንሿን ካራ አወጡ። ብራና ላይ ስሕተት ሲጻፍ ቆዳው ሳይነካ ቀለሙ ብቻ በእሷ ይፋቃል። ያለ ዓይን፣ በግራ አውራ ጣታቸው ፊደሉን እየመሩ፣ ከመጨረሻው ጀመሩ።

«አባ፣ የሰው ንብረት ነው። ነገ መልሼ የምሰጠው ነው።»

«ጊታሩን መልስለት። ስሙን ግን ከቤቴ ይዞ አይወጣም።» ፋቁ፣ እፍ አሉበት። «ወጣ?»

«ትንሽ ቀርቷል።»

«የቱ ጋ?»

ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ሲጨርሱ እንጨቱ አልተጫረም ነበር። ጊታሯን አቅፈው እስከ ማታ ድረስ ተቀመጡ። ክሮቹን አልነኩም።

በማግስቱ ወሰድኩለት። ተጫዋቹ ገና ከሩቅ ሲያያት ጮኸ።

«ምን አደረግሃት?»

«አባቴ ፋቁት።»

«አባትህ ጤነኛ አይደሉም?»

ኮሌታውን ያዝኩት። ጎረቤቶች ወጡ። ለቀቅኩት።

«ጻፍ! አሁኑኑ መልሰህ ጻፍ! ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ!»

«አልጽፍም።»

«እከስሃለሁ!»

«ክሰሰኝ! ምን ብለህ ነው የምትከሰኝ? ውሸቴን ፋቁብኝ ብለህ?»

አንዲት ሴትዮ ከጎረቤት ሳቀች። እሱ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጊታሯን ከእጄ ነጥቆ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዛት፣ ፊደሉ የነበረበትን ቦታ በእጁ ሸፍኖ።

«አምፕሊፋየሩንም አምጣው» አልኩት። «እሱንም ልፋቀው።»

በሩ ላይ ቆመ። «አምፕሊፋየሯን አትነካም! ገፍተህ ትገባና እንተያያለን!»

ገፍቼ አልገባሁም። በመንገድ ስመለስ ወንድሜን ሰደብኩት፣ ባለ ሱቁን ሰደብኩት፣ ራሴን ሰደብኩ። አምፕሊፋየሩ እስካሁን እዚያው ነው፣ በየሠርጉ ይጮሃል። ስሙን የጻፍኩበት ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። በእሱ ላላክክ አልችልም።