ሰባት ድምፅ

ኦሽሪት በሃነቪኢም መንገድ ካለ አንድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቦርሳ ትፈትሻለች። ከሚመላለሱት ሁሉ የሚገርሟት አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ሳይጠየቁ ቦርሳቸውን ከፍተው ይይዙላታል፤ አይታ እስክትጨርስም አይቸኩሉም። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ኮሌታው ግን ከማርጀቱ የተነሳ ተበልቷል። ቦርሳው ውስጥ ከእርሳሶች ጋር አንድ የተጣጠፈ ካርታ አይጠፋም።

አንድ ጠዋት ወረፋ ስላልነበረ፣ "አባባ፣ ይሄ የየት አገር ካርታ ነው?" አለቻቸው።

"አሜሪካ ያለው አውራጃዬ ነው" አሉ፣ ቀስ እያሉ በዕብራይስጥ። "ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ይጋቡ ወይ ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠ ጊዜ፣ የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት ቀለም የቀባሁበት። በእኛ መንደር ሦስት መቶ ሰው 'አይሆንም' አለ። 'ይሁን' ያልነው ሰባት ነን።"

"ሰባቱን ያውቋቸዋል?"

"ሁለቱ እኔና፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብሮኝ የኖረው ሰው ነን። አምስቱን አላወቅናቸውም።" ቦርሳቸውን ዘጉ። "ዳቦ ጋጋሪው ይሆን፣ አስተማሪዋ ትሆን እያልን፣ እሱ እስኪያርፍ ድረስ በመንገድ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ቆመን ሰላም ስንል ኖርን።"