ጾም የማታውቅ ዶሮ

ባለፈው ወር መደርደሪያ ላሠራ አዘዞ አንድ አናጺ ቤት ገብቼ ነበር። ሰውየው ልኬቱን እስኪጽፍ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመጋዙ ሥር የሚበንነው ሰጋቱራ አፍንጫዬን ሞላው። ትኩስ የጽድ ሰጋቱራ ነው፤ ጣፈጥ፣ ትንሽ ደግሞ መረር ይላል። ለሌላ ሰው የአዲስ ቁም ሣጥን ሽታ ይሆናል። ለእኔ የወላጆቼ ሳሎን ሽታ ነው፤ ዶሮ ብቻ ይጎድለዋል።

ልንገራችሁ። ያን ዓመት ከኮሌጅ በማርኬቲንግ ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴም ጡረታ ወጥቶ ቤት ተቀምጧል። ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ወደ መተማ፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ባሕር ዳር። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ተኝቶ ነበር። ቤት ሲሆን ይተኛል፣ ሲነቃ ይሄዳል። እናቴ «እሽ! አባትሽ እንዳይነሣ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ያን ዓመት ቁስቋም ባለችው ትንሽ ቤታችን ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሥራ ፈቶች ፊት ለፊት ተቀምጠን በረንዳውን እንጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

መስቀል አልፎ አደይ አበባው ሲረግፍ፣ አባቴ አንድ ቀን ካርቶን በካርቶን ላይ ደርቦ በባጃጅ መጣ። ካርቶኖቹ ይጮኻሉ። ስለ ዶሮ እርባታ በሬዲዮ ሰምቶ፣ ማንንም ሳያማክር፣ የአርባ አምስት ቀን ጫጩቶች ገዝቶ ኖሯል። አሳድጎ፣ እንቁላል መጣል ሲቃረቡ ሊሸጣቸው ነው። ሁሉም ነጭ ናቸው።

«ማን ይገዛሃል?» አለች እናቴ።

«ልጅሽ ለምን ተማረች?» አላት።

ከጓሮ ቤት ሠራላቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሸለምጥማጥ ገብቶ ሦስቱን ፈጀ። በማግስቱ አባቴ ሶፋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ሳሎኑ ላይ ሰጋቱራ ዘርግቶ ዶሮዎቹን አስገባ። ለጥቂት ቀን ነው ተባለ። ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ፤ እንግዳ ሲመጣ ከበረንዳ ይመለሳል። እናቴ ልብሷን በሻንጣ አስገብታ ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመችው። «እነሱ ካልወጡ እኔ እወጣለሁ፤ ጭልጋ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለች። ሻንጣው ላይ አንዲት ዶሮ ማደር ጀመረች።

ዶሮዎቹ ሲያድጉ ሆዳቸውም አደገ። መኖው በየጊዜው ይወደዳል። አባቴ የጡረታ ደሞዙን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ መኖ መደብር ይሄዳል። የምንበላው ሽሮ እየቀጠነ ሄደ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ ደብተሬን ከሣጥን ያወጣሁት።

ኮሌጅ የተማርኩት ሁሉ በራሴ ውስጥ በሥርዓት ተቀምጦ ነበር። ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን አንዲት ክብሪት እንኳ ሸጬ አላውቅም። በሰፊ ካርቶን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ፤ ጥራታቸውን የጠበቁና በዘመናዊ መንገድ ያደጉ የእንቁላል ዶሮዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረባችንን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል።» ዙሪያውን በሐረግ አስጌጥኩት። አባቴ በሩ ላይ ቸንክሮ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየውና «አሁን ወረፋ እንዳይጋፉን» አለ።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ አንኳኩ። አባቴ ኮቱን ደርቦ ወጣ።

«ማስታወቂያውን አይቼ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ስንት ይፈልጋሉ?»

«ጽሑፉ ሸጋ ነው። ማን ጻፈላችሁ? ለልጄ ሠርግ የጥሪ ወረቀት የሚጽፍልኝ ሰው አጥቼ ነው።»

ጻፍኩላቸው። ሠርጉም አማረ ተብሏል። ዶሮ ግን አልገዙም።

«ወረቀት አይጮህም፤ ሰው የሚመጣው ሲጠራ ነው» አለ አባቴ። ከመናኸሪያ ወዳጆቹ ድምፅ ማጉያ ተውሶ መጣ። ጠዋት ዶሮዎቹን በሽቦ ሣጥን አድርገን፣ ሣጥኑን በእጅ ጋሪ ጭነን አዘዞ መንገድ ዳር ቆምን። የካቲት ነበር፤ ነፋሱ አቧራውን ከአስፋልቱ እያነሣ የዶሮዎቹን ላባ ይገለብጣል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ማጉያውን አፉ ላይ አደረገ።

አስቡት፤ ይህ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጦ የረዳቶቹን ጥሪ ሲሰማ ኖሯል። እሱ ራሱ ጠርቶ አያውቅም። አፉን ሲከፍት የወጣው ያ ሁሉ ዓመት ውስጡ የተጠራቀመው ነው።

«ማክሰኝት! አዲስ ዘመን! ባሕር ዳር! የሞላ፣ የሞላ!»

ራሱም ደነገጠ። እኔ እጅጌውን ስጎትተው ሰው መምጣት ጀምሯል። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ እየሮጠች ደረሰች። አንድ ገበሬ ግማሽ ጆንያ ሽንብራውን ከጋሪያችን ላይ አስቀመጠ።

«መኪናው የታለ?» አለ።

«መኪና አይደለም፤ ዶሮ ነው» አለ አባቴ፣ ማጉያውን ሳያጠፋ። አዘዞ ሁሉ ሰማ።

«ታዲያ ዶሮ ማክሰኝት የምትሄደው ምን ልትሠራ ነው?»

አባቴ ተሳፋሪ አሳስቶ ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ማጉያውን ለእኔ ሰጥቶ መንገዱ መሐል ገባና አንድ ሚኒባስ አስቆመ፤ ሁሉንም በየወንበራቸው አስቀመጠ፣ ጆንያውንም ራሱ ጫነ። የሚኒባሱ ረዳት ደስ ብሎት ጥቂት ብር በእጁ አስጨበጠው። የዚያን ቀን ገቢያችን ይኸው የረዳትነት ኮሚሽን ብቻ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ጋሪውን እየገፋ ድንገት መሣቅ ጀመረ። የአባቴን ሣቅ እንደዚያ ከቅርብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔም ሣቅሁ። ዳገቱ መሐል ጋሪውን ድንጋይ አስደግፈን ቁጭ ብለን ሣቅን።

ቀጥሎ የሄድነው ማክሰኝት ገበያ ነው፤ በዚህ ጊዜ እውነት ተሳፍረን። ዶሮዎቹን ከእህል ተራው ማዶ ዘረጋናቸው። ገበሬዎቹ እየመጡ ያነሷቸዋል፣ የደረታቸውን ላባ በትንፋሽ ገልጠው ያያሉ፣ በእጃቸው ይመዝናሉ፣ ከዚያ ያስቀምጧቸዋል። ቀኑን ሙሉ ማንሣትና ማስቀመጥ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ አንዱን ጠየቅሁት።

«ምነው? ክብደቷን አልወደድክም?»

«ክብደቷስ ሸጋ ነው። ነጭ ናት እንጂ።»

«ነጭ ብትሆንስ?»

«እህቴ፣ ነጭ ዶሮ ደጅ መልቀቅ እኮ ጭልፊትን ምሳ መጥራት ነው።»

እኔ አራት ወር ሙሉ ስለ ጥራትና ተመጣጣኝ ዋጋ ሳስብ፣ ስለ ጭልፊት ያሰብኩበት አንድም ቀን አልነበረም። ዛሬ የዱቄት ፋብሪካ ሽያጭ ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ አዳዲስ ልጆች ዕቅዳቸውን በሚያምር ሥዕል ሲያሳዩኝ በልቤ «ጭልፊቱ የታለ?» እላለሁ። እነሱ ምን እንደምፈልግ አይገባቸውም።

አባቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የገባው። በማግስቱ ከደጅ ስገባ የእናቴን እንሶስላ ዘፍዝፎ አንዲቱን ዶሮ እስከ አንገቷ ነክሯታል። ቀይ ያደርጋታል ብሎ ነው። ስትደርቅ ጽጌረዳ መሰለች። እናቴ አይታ «ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት?» ብላ ወጣች። ሌሎቹ ዶሮዎች አዲስ እንግዳ መስላቸው ይጠቀጥቋት ጀመር፤ ለብቻዋ ወጥ ቤት አሰርናት። ሁዳዴ ተይዟል። ፍስክ አልቆ ዶሮ የሚል ሰው ጠፍቷል።

ከቤታችን በላይ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጧፍ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ምላሷ የታወቀ ነው። የሚሳለም ሁሉ በፊቷ ያልፋል፤ ያለፈውን ሁሉ ታነጋግራለች፤ ያልተስማማትን ነገር ደግማ ደጋግማ ትናገራለች። አንድ ቀን እሳት ልትጭር መጥታ ጽጌረዳዋን ዶሮ ወጥ ቤት አየቻት።

«አያ ሾፌር፣ ይህን የፈረንጅ ዶሮ በነጻ ብትሰጠኝም አልወስድ» አለች።

ምን እንዳስባለኝ አላውቅም። ዶሮዋን ከሌሎቹ ለማዳንም ይሁን ሴትዮዋን ለማናደድ፣ «እትዬ፣ እንግዲያው በነጻ ይውሰዷት። ካልተስማማችዎት ይመልሷት» አልኳት። ገመዱን ፈትቼ ሰጠኋት። እምቢ ለማለት አፏን ከፍታ ሳለ ዶሮዋ ብብቷ ሥር ገብታለች።

በጥቂት ቀን ውስጥ በራችን በኃይል ተንኳኳ።

«አያ ሾፌር፣ ዶሮህ አብዳለች።»

«ምነው?» አለ አባቴ።

«ትናንት ጣለች። ዛሬም ጣለች። በሁዳዴ!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ንገራታ! እኔስ እንቁላሉን የት ላድርገው? ገብስ ውስጥ ቀበርኩት፣ ገብሱ ሞላ። ጾም የማታውቅ ዶሮ ናት የሰጣችሁኝ።»

«ይመልሷት እንግዲህ» አልኩ እኔ።

ነጠላዋን አስተካከለች። «ነገ እመልሳታለሁ» ብላ ሄደች።

አልመለሰቻትም። እዚያው ደጀ ሰላሙ ተቀምጣ ግን ለመጣው ሁሉ ታወራለች። ጧፍ የሚገዛ ሁሉ ከጧፉ ጋር የዶሮዋን በደል ይዞ ይሄዳል። «ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ዝም ብላ መጣል ነው። የሾፌሩ ልጅ ናት ያመጣችብኝ።» እኔ ላመጣት ስሄድ ደጃፏ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋችብኝ። «ልጄ፣ የገባን እንግዳ ውጣ ይባላል?» አለችኝ። ከኋላዋ ጽጌረዳዋ ዶሮ በፀሐይ ተዘርግታ ክንፏን ታጸዳለች።

በእሑዱ ቅዳሴ ሲወጣ ሁለት ሴቶች በራችንን አንኳኩ።

«ጾም የማታውቀዋ ዶሮ እዚህ ናት አሉን።»

አባቴ ሳሎኑን ከፈተላቸው። ነጭ በነጭ ነው። ሴቶቹ ተያዩ።

«እነዚህ አይደሉም። እኛ የፈለግነው የቀይቱን ዓይነት ነው።»

አባቴ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። «እናቶቼ፣ ቀለሙን የቀባኋት እኔ ነኝ። እንቁላሉ ግን የራሷ ነው» አላቸው። ሣቁ። «ወስዳችሁ አቆዩአቸው፤ ከጣሉ ትከፍላላችሁ፣ ካልጣሉ መልሱ» አልኩ። ጭልፊት እንዳያያቸው ከአጥር ውስጥ እንዲያውሏቸውም ነገርኳቸው። ወሰዱ። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ ለፋሲካ እንቁላል ያላጠራቀመ ቤት የለምና ወሬው ከእኛ ፈጥኖ ሮጠ።

ሁሉም የተሳካ ግን አልነበረም። አንዲት ሴት በሁለተኛው ቀን በፌስታል ላባ ይዛ መጣች። «ይኸው መለስኩ» አለች። ምክሬን ሳትሰማ ጫካ ዳር ለቅቃት ኖሯል። ልከራከር ስል አባቴ ሌላ ዶሮ አንሥቶ ሰጣት። «ተሳፋሪ መንገድ ላይ አይጣልም» አለኝ። ያቺ ሴት በኋላ እህቶቿን ሁሉ ይዛ መጣች።

የመጨረሻዎቹን የሰጠነው ለሆሣዕና ዋዜማ፣ ከከተማው ታች ላለ አንድ ቤት ነው። ጠዋት ስንወጣ እናቴ ሰጋቱራውን እየጠረገች ነበር። ሶፋውን ወደ ቦታው መልሳ መሐሉ ላይ ተቀመጠችና ዙሪያውን አየች። «ምነው ቤቱ ዝም አለሳ?» አለች፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ስንመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ብርሃኑ ከላይ በፍርስራሹ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ ብቻ ቀርቷል፤ እኛ ያለንበት መንገድ ቀዝቅዟል። አባቴ ባዶውን የሽቦ ሣጥን ትከሻው ላይ አድርጎ በመኪና መንገዱ በኩል ይሄዳል፤ ሁልጊዜ እኔን ወደ ውስጥ አድርጎ ነበር የሚሄደው። ዳገቱ ላይ ትንፋሹ አጠረና ድንጋይ ላይ አረፍን። ያኔ ደክሞት ነው ብዬ ነበር። ልቡ ታሞ እንደነበር ያወቅነው በቀጣዩ ክረምት ነው፤ ከዚያም ብዙ አልቆየም።

«ይህን ሁሉ ኮሌጅ ነግረውሻል?» አለኝ።

«ስለ ጭልፊት አልነገሩኝም።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከታች ሚኒባሶች መብራታቸውን እያበሩ ወደ አዘዞ ይወርዳሉ፤ ድሮ ቢሆን የማን መኪና እንደሆነ በድምፁ ይለይ ነበር። አሁን ግን ወደዚያ አልዞረም። ጉልበቱን በመዳፎቹ ይዞ እኔን እያየ ነበር፣ ገና የሚተዋወቀውን ሰው እንደሚያይ።

«ነገስ ምን እንሸጣለን?» አለኝ።

«ነገ ሆሣዕና ነው፣ አባዬ።»

«እሺ፤ ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ እናስብበታለን» አልኩት። እሺ ብሎ ተነሣ። ሣጥኑን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም።