በጫልቱ ስም የተመረመርኩት

ይህን ለባሌም ለፓስተራችንም ተናግሬ አላውቅም። ብቻዬን ስጸልይ እንኳ እዚህ ላይ ስደርስ ሌላ ጸሎት ጀምሬ አልፈዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ግን ስሙኝ፤ እኔ ጫልቱን ዋሽቻታለሁ።

ጫልቱ የጡት እህቴ ነበረች። ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነበርን። እሷ ስትወለድ እናቷ በጠና ታመመች፤ እናቴ እኔን በአንዱ ጡቷ፣ እሷን በሌላው አሳደገችን። ኧረ ያ ጊዜ! አገዳ ጭኖ ከሚያልፍ ተጎታች ላይ መዝዘን እንሮጥ ነበር። ጫልቱ በጥርሷ ትልጥና የታችኛውን፣ በጣም የሚጣፍጠውን፣ ለኔ ትሰጠኛለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አድገን እኔ ነርስ ሆኜ አዳማ ቀረሁ፤ እሷ እዚያው አግብታ ሌሊሴን ወለደች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደምሠራበት ክሊኒክ ለጥናት አንድ መሣሪያ መጣ። መርፌ የለው፣ ራጅ የለው፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ቀይ ብርሃን ጡት ላይ ያሳርፍና ብርሃኑ በሥጋው ውስጥ እንዴት እንዳለፈ ይለካል። ካንሰር አለ ወይም የለም አይልም። ይበልጥ የተጋለጠችው የትኛዋ እንደሆነች ግን ይጠቁማል፤ እሷ ለተጨማሪ ምርመራ ትላካለች። ጫልቱን ለምኜ አስመጣኋት፣ ስሟን መዘገብኩ። ልብስሽን አውልቂ ስላት ግን ሻርፗን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ሳቀች።

«ኦቦሌቲ ኮ፣» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ያንቺን ለኪና የኔ ነው በያቸው። ከአንድ ጡት አይደል እንዴ የጠባነው?»

እኔም ሳቅሁ። ነርስ አይደለሁም? የአንዷ ጡት ስለ ሌላዋ እንደማይናገር አላውቅም? አውቃለሁ። በሩን ዘጋሁ፤ ብርሃኑን በራሴ ጡት ላይ አሳረፍኩ፤ ልኬቱን በጫልቱ ስም አስገባሁ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትቀልዳለች። አገዳ የሰረቅን ቀን እንደነበረው ደስ አለን።

ውጤቱ መጣ። ጫልቱ ለተጨማሪ ምርመራ ትላክ ይላል። እኔ ነበርኩ! መዝገቡ ላይ «ተልካለች» ብዬ ፈርሜ ዘጋሁና በገዛ ስሜ አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ካንሰር ተገኘብኝ፤ ገና ትንሽ ነው ተብሎ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። ለጫልቱ ስልጠና ላይ ነኝ አልኳት።

«የኛ መብራትስ ምን አለ?» ስትለኝ በስልክ፣ «ደህና ናችሁ ብሎናል» አልኳት።

ለምን? እሷን እንደገና ለማስመርመር መዝገቡን ማረም ነበረብኝ፤ ማረም ደግሞ ማጭበርበሬን ማመን ነው። እንጀራዬን ፈራሁ። የሷን ሕይወት በኔ እንጀራ ለወጥኩት።

ስመለስ ከወንጂ አገዳ ይዛ መጣች። እንደ ድሮው በጥርሷ ልጣ የታችኛውን ሰጠችኝ።

«ምን ዓይነት ስልጠና ነው? ምግብ አይሰጡም እንዴ? ከስተሻል እኮ!»

ስፌቱ ከቀሚሴ ሥር ይጠዘጥዘኛል። ያኔ ብነግራት ትደነግጥ ነበር፤ ደንግጣም ትመረመር ነበር። እኔ ግን አገዳዬን አኘክሁ፣ ሳቅሁ።

በሁለተኛው ዓመት እብጠት አገኘች። እኔ ስሰማ ካንሰሩ ወደ ብብቷ አልፎ ነበር፤ አልዳነችም። ለቅሶው ላይ ሌሊሴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነገረችኝ። «ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት፣ እማዬ ‹መብራቱ ደህና ናችሁ ብሎናል› እያለች እምቢ አለችኝ» አለች። ልጅቷ ቃሉ የማን እንደሆነ አታውቅም።

ነገ ሌሊሴ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ የእናቷን ነገር ፈርታ ልትመረመር ነው። መጀመሪያ ይህን የጻፍኩትን አነብላታለሁ። ይቅር በይኝ እላት ይሆናል፤ ይቅር ባትለኝ አልፈርድባትም። ወረፋው በዝቶ ነበር አልልም፣ የጫልቱ ቀልድ ነው አልልም። መዝገቡ ዛሬም ጫልቱ ተመርምራለች ይላል። አልተመረመረችም። በስሟ የተመረመርኩት እኔ ነኝ፤ የዳንኩትም እኔ ነኝ።