ደጅ መውጣት ያቃተው ድመት

አባቴ ከአፋቸው የማያወጧቸው ቃላት ነበሩ። ስድብና እርግማን ብቻ አይደለም የምለው። ፍጡር ሁሉ ሳያደርገው የማይውለውን ነገር በስሙ አይጠሩትም ነበር። እሳቸው ዘንድ ቁርኣን የሚቀሩት ደረሶች ትምህርቱ መሀል ሲጨንቃቸው «ደጅ ልውጣ» ብለው ነው የሚያስፈቅዱት። እናቴም ደጅ ትወጣ ነበር፤ እኔም፣ እንግዳውም። በክረምት፣ የመካነ ሰላም ጭቃ እግር ሲይዝ፣ ከመደቡ ሳይወርድ ጣሳ የቀረበለት በሽተኛ ሽማግሌ ሳይቀር «ደጅ ወጣሁ» ይል ነበር። በቤታችን ለዚህ ጉዳይ ሌላ ቃል አልነበረም።

እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ፣ አግብቼ፣ ገጠር ኖሬ፣ ተፋትቼ የተመለስኩት የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ስመለስ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። አባቴ ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶባቸው ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ባሏ ሲሞት መጥታ ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ትኖራለች። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ደግሞ ከደሴ ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተከራይቶታል። እኔ ያየሁትን ባየሁት ስም የምጠራ ሰው ነኝ። አባቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ» ይሉኛል፤ አንድ ቀን ሰብስቤ እውልና በማግስቱ ይፈታል።

ድመቱ የአባቴ ነበር። አመድማ፣ ጭንቅላቱ የጎረምሳ ጡጫ የሚያክል ወንድ ድመት። አይጥ የኪታቦቻቸውን ቆዳ እየቀረጠፈ ሲያስቸግራቸው አንድ የገበያ ወዳጃቸው ከአጅባር በቅርጫት አምጥቶ የሰጣቸው ነው። በኪታቡ ሳጥን ላይ ይተኛል። አባቴ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ውዱእ ሲያደርጉ ከማንቆርቆሪያቸው ሥር ቁጢጥ ብሎ የሚንጠባጠበውን ይልሳል፤ አይከለክሉትም። ከሰዓት በኋላ ደረሶቹ ሲበተኑና ጊቢው ጭር ሲል ጭናቸው ላይ ይወጣል። ማንበብ ከተዉ ወዲህ ያቺ ሰዓት ትከብዳቸው ነበር። እጃቸውን ጀርባው ላይ አድርገው በቃላቸው የያዙትን እያነበነቡ ያሳልፏታል።

አንድ ቀን ድመቱ የምድጃው አመድ ላይ ተቀምጦ ሲያምጥ አየሁት። አክስቴ ሆዱ ደርቆ ነው ብላ ቅቤ አቅልጣ አላሰችው። በማግስቱ ባሰበት፤ አመዱ ላይ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሳነሳው እንደ ሕፃን ጮኸ። ከሆዱ ሥር እጄን ብልክ የጠጠረ ነገር አገኘሁ። ባሌ ቤት ሳለሁ ሽንት የከለከለው በሬ አይቼ ስለማውቅ ነገሩ ገባኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው በትራቸውን ይዘው ራሳቸው ወደ ድሬሰሩ በር ሄዱ። እኔ ድመቱን አቅፌ ከኋላቸው ቆምኩ። ሰላምታው ረዘመ፤ የደሴ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ፣ ሥራው አንድ በአንድ ተጠየቀ። በመጨረሻ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንስሳው ደጅ መውጣት እንዳቃተው ነገሩት። ድሬሰሩ ጨዋ ሰው ነው። ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ በትሕትና «በሩን ይክፈቱለታ፣ ሸኽዬ» አላቸው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኔ በአማርኛ ነገርኩት።

መጀመሪያ የሰው እንጂ የድመት ሐኪም አይደለሁም ብሎ ነበር። ግን አባቴ ከበሩ ላይ አልተነቃነቁም። በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልነው፤ እሳቸው ራሱን ያዙ፣ እኔ እግሮቹን፤ ድሬሰሩ አንዲት ቀጭን ቱቦ ቫዝሊን ቀብቶ ብዙ ከታገለ በኋላ አስገባት። ደም የቀላቀለ ውሃ ወረደ፤ በውስጡ ጣት ላይ የሚሻክር ደቃቅ አሸዋ ነበረበት። ድመቱ ትንፋሹን ለቀቀ፣ እኛም ለቀቅን። ድሬሰሩ እጁን እየታጠበ ይህ ነገር ተመልሶ የሚመጣ ነው አለን። ውሃ በብዛት ይጠጣ፣ ቋንጣና ደረቅ ነገር ይቅርበት፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ መሽናቱን ተከታተሉ፤ አንድ ቀን ከቀረ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት፣ ከዘገያችሁ ይሞታል አለ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የአራስ ቤት ሆነ። ድመቱን ማድ ቤት ዘግቼበት፣ አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ የተነፋ አመድ አደረግሁለት፤ ሲረጥብ አመዱ ይቋጠራልና ጠዋት ጠዋት በእንጨት እየጫርኩ አየዋለሁ። አጥንት ቀቅዬ መረቁን በውሃ አቀጥንለታለሁ። ባለ ሉካንዳው ዘወትር አጥንት ስጠይቀው ቤታችሁ ማን ወለደ ቢለኝ ድመቱ አልኩት፤ ያን ቀን ገበያው ሁሉ የሸኹን ድመት ሲያርስ ዋለ። አባቴም በኩላቸው ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አድርገው እንደ ክር እያቀጠኑ ያፈሱለት ጀመር። እጃቸው እስኪዝል ያፈሱለታል፤ እሱ ደግሞ ቀብጦ ከጣሳ የተቀዳ ውሃ እንቢ አለ።

ከሱብሂ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ ይቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደጅ ወጣ?» ይሉኛል። በሩ ተዘግቷል፣ ድመቱ ከምድጃው ሥር ተኝቷል፤ እኔ የተቋጠረውን አመድ አይቼ «ወጥቷል፣ አባዬ» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ወደ ደረሶቻቸው ያልፋሉ። ያቺን መልስ ሳይሰሙ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ድመቱ እንደገና ጭናቸው ላይ መውጣት ሲጀምር ሊያዩት የማይችሉትን ፊቱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ እሱ ከሄደ ከእኔ ጋር ማን ይቀመጣል አሉ። ለማንም የተባለ አልነበረም። እኔ ግን ሰማሁት።

ድመቱ ድኖ፣ በሩ ተከፍቶለት፣ ለሽንቱ ግን አሁንም ወደ ቆርቆሮው አመድ እየተመለሰ፣ ጊቢውን መዞር በጀመረበት ሰሞን ወግዲ ያለችው እህቴ ወለደች። እናት የላትም፤ እኔ መሄድ ነበረብኝ። ለአክስቴ የመረቁን ነገር አሳየኋት። ስለ አመዱ ልነግራት አፌን ስከፍት አባቴ ከሰላቱ ቆዳ ላይ ሆነው ያንን ለእሳቸው እንድተወው ነገሩኝ፤ ራሳቸው እየጠየቁ ይከታተላሉ። የአክስቴ ፊት በእኔ ምላስ እንዳይቀላ ፈርተው እንደሆነ ገባኝ። አክስቴ አባቴን አንቱ ትላለች፣ እሳቸውም እሷን፤ ያን ያህል ዘመን በአንድ ጊቢ ኖረው ቀና ብለው ተያይተው የሚያውቁም አይመስለኝ። እሺ ብዬ በበቅሎ ሄድኩ።

የሆነውን የሰማሁት ስመለስ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ደህና ነበር። በኋላ አንድ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዳቸው ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው «ደጅ ወጣ?» ብለው ጠየቁ። አክስቴ ከአጠገቡ ነው የምትተኛው፤ በር ሲገፋ፣ ሲወጣ፣ ሲመለስ ሌሊቱን ሰምታዋለች። «ወጥቷል እንጂ፣ ሸኽዬ። ኧረ ሲወጣ ሲገባ ነው ያደረው» አለቻቸው። አባቴ ደስ አላቸው። መረቁ ሠራ፣ አንጀቱ ራሰ ብለው አመሰገኑ፤ ለእሷም ዱዓ አደረጉላት። በማግስቱም ጠየቁ፣ በማግስቱም ሲወጣ ሲገባ አድሯል ተባሉ። እሷ አይጥ የሚያሳድድ መስሏት በትጋቱ ተደንቃ ነበር። ያ ምስኪን ግን በየማጀቱ ዞሮ፣ በየጥጉ ቁጢጥ ብሎ እያማጠ ነበር የሚያድረው።

ሦስተኛው ጠዋት አክስቴ ዛሬስ አልወጣም፣ ደክሞት መሰለኝ ተኝቷል አለች። አባቴ ደነገጡ፤ አምጡልኝ አሉ፤ እጃቸውን ከሆዱ ሥር ሰደዱ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቋትም። ከደረሶቹ ትልቁን ወደ ጤና ጣቢያው ላኩት፤ ድሬሰሩ ለክትባት ገጠር ወርዷል፣ ምናልባት ነገ ይመለሳል የሚል ቃል ይዞ መጣ።

እኔ የደረስኩት በዙሁር ሰላት አካባቢ ነው። በቅሎዬን ሳላስር አባቴን ከመደቡ ላይ አየኋቸው። ድመቱ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ማንቆርቆሪያው አጠገባቸው ነው፤ አፉን በጣታቸው ያርሱለታል። ድምፄን ሲሰሙ «ልጄ፣ እስቲ ነይ እይው» አሉኝ። ሆዱ ድንጋይ ሆኗል። እግሩ ቀዝቅዟል። ድሬሰሩ ያቺን ቱቦ ሲያስገባ አይቼው ነበርና ክፍሉን ሰብሬ ልግባ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ቱቦዋም ከእሱ ጋር ገጠር ሄዳለች። ድመቱ የአስር ሰላት ሳይደርስ ሞተ። አባቴ ትንፋሹ እንደቆመ ከእኔ በፊት አወቁ፤ እጃቸውን ከጀርባው ላይ አነሱ።

ያኔ ነው ወደ አክስቴ የዞርኩት። አመዱን አላየሽም ወይ አልኳት፤ ምን አመድ አለችኝ። ቆርቆሮው ካስቀመጥኩበት ቦታ ነበር፣ የድሮው ቋጠሮ ደርቆ ተፈርፍሯል፣ አዲስ እርጥብ የለበትም። ሲወጣ ሲገባ ማደሩን፣ ሸኽዬ በየጠዋቱ መጠየቃቸውን፣ እሷም ያየችውን መመለሷን እያለቀሰች ነገረችኝ። ልጮህባት አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ማንን ነው የምሰድበው። ደጅ ወጣ ወይ ተባለች፣ ደጅ መውጣቱን አይታለች።

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ትል ጀመር። ደረሶቹ ለትምህርት ተሰብስበው በር ላይ ቆመዋል። አባቴ ወዳለችበት አቅጣጫ ፊታቸውን መልሰው እንዲህ አሉ፦

«ጥፋቱ የአንቱ አይደለም። ሸንቷል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ሸንቷል ወይ ማለት አቃተኝ።»

ደረሶቹ አንገታቸውን ደፉ። አክስቴ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ያቺን ቃል ከአባቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ቀላል አድርገው አልተናገሯትም፤ ደርቃ ነው የወጣችው። ከሁለት ቀን በፊት ብትወጣ ኖሮ ድሬሰሩ ጊቢያችን ውስጥ ነበር።

እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድመት ነው፣ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የቀበርኩ ሴት ነኝ። የሚቆጨኝ ክፉ ሰው ባለመኖሩ ነው። አክስቴ ሌሊት እየነቃች ታዳምጠው ነበር። አባቴ ሳይጠይቁ አንድ ጠዋት አላለፉም። ሁለቱም ይወዱት ነበር፣ ሁለቱም ይተዛዘኑ ነበር፣ በዚያ መተዛዘን መሀል ድመቱ አመለጠን። አባቴን የምወድላቸው ያ ጨዋነታቸው ነበር፤ ባሌ ቤት የጠፋብኝና ስመለስ ያገኘሁት እሱ ነው። ስለዚህ እሱን ልራገመው ብል እንኳ አፌ እንቢ ይለኛል።

ከአጥሩ ሥር ቀበርነው። አባቴ እራት አልበሉም፣ እኔም አልጎተጎትኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ድሬሰሩ ከገጠር ተመለሰ። ጫማው ጭቃ እንደያዘ፣ ቦርሳው ትከሻው ላይ እንዳለ በጊቢው በኩል አለፈ። አባቴ ከሱብሂ መልስ ፀሐይ ለመሞቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ምንም አልሰማምና እንደወትሮው ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ፣ ሸኽዬ?» አላቸው።

በእኛ በቦረና ምድር ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ የሞተበትም፣ ቤቱ የተቃጠለበትም ያንኑ ይመልሳል፤ አባቴ ደግሞ እናቴን በቀበሩ ማግስት ሲመልሱ፣ ለለቅሶ መጥቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ዝም አሉ። ድሬሰሩ ያልሰሙት መስሎት ሊደግመው አፉን ሲከፍት እጃቸውን ባዶ ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ።

«ደህና አላደርኩም» አሉት።

ድሬሰሩ ወደ እኔ አየ። አባቴ ቆይተው፣ በጣም ቆይተው ነው «አልሐምዱሊላህ» ያሉት።