የአጥሩ ማዶዋ ዲንቄ

ባለፈው ወር ለክትባት ሥራ ከነቀምቴ ኡኬ ወርደን ስንመለስ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰና መንገድ ዳር ቆምን። ሾፌሩ ጎማውን እስኪቀይር ወደ አንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሄድኩ። ከዛፉ ጀርባ፣ ከአንዲት የጭቃ ቤት ጓሮ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ መጣ። የአረቄ ድፍድፍ እሳት ላይ ተጥዶ ነበር። ባልደረባዬ አፍንጫዋን ይዛ ወደ መኪናው ተመለሰች፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅነቴን ያሳለፍኩት በዚህ ሽታ ውስጥ ነው። ከአጥራችን ማዶ፣ ከዲንቄ ቤት ይመጣ ነበር።

አባቴ ከሸዋ ተመድቦ ነቀምቴ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነበር። የተከራየነው ግቢ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከፊት ለፊት የእኛና የሌሎች ተከራዮች ክፍሎች ተደርድረዋል፣ ከዛገው የቆርቆሮ አጥር ኋላ ደግሞ የዲንቄ አንዲት ክፍል አለች። ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል። ጌሾው በማዳበሪያ ከረጢት ጥግ ይዟል፤ ጥላሸት ከለበሰው እንስራ አፍ የወጣ የሸምበቆ ቱቦ ውኃ ውስጥ ወደተዘፈዘፈ ማሰሮ ይወርዳል። እሷ ቀጭንና ረጅም ነበረች። ክረምት ከበጋ ሰማያዊ የኮንጎ ጫማ ታደርጋለች። ሰው ሲያናግራት ቀኝ ጆሮዋን ታዞራለች፤ ግራው አይሰማም።

ጠዋት ጠዋት ደህና ነበረች። ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ግቢዋን ትጠርጋለች። ከእኩለ ቀን በኋላ ከራሷ ጠርሙስ መቅዳት ትጀምርና ምላሷ ይተሳሰራል፤ ወደ ማምሻው እዚያ ከሌለ ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ እንሰማታለን። ትልቁም ትንሹም «ሰካራሟ» ይላት ነበር። እናቴም በአጥሯ በኩል እንዳላልፍ ከልክላኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በቆርቆሮው ስንጥቅ ታየኝና ትጣራለች።

«ኢንተለ ኮ፣ በላሽ?»

ልጄ ማለቷ ነው። ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም መልስ ሳልሰጥ እሮጣለሁ።

አባቴ ውጪ የተከበረ ሰው ነበር፤ ባርኔጣውን አንስቶ ነው ሰላም የሚለው። ቤት ውስጥ እናቴን ይመታት ነበር። ክፍሎቹ ግድግዳ ይጋራሉና የማይሰማ ጎረቤት አልነበረም። የእኛ ቤት ጩኸት ሲጀምር የአጠገባችን ሰዎች የቴፕ መዝሙራቸውን ከፍ ያደርጉታል። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ በማግስቱ እናቴን ሲያገኟት ፊቷን ላለማየት ይጠነቀቃሉ። ያን መዝሙር ዛሬም ስሰማው ድምፁን እዘጋዋለሁ።

አንድ የክረምት እሑድ ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን በልቷል። አባቴ በምን እንደተቆጣ አላስታውስም፤ ምናልባትም ምክንያት አልነበረውም። የእናቴን ፀጉር በአንድ እጁ ጠቅልሎ በሌላው ቀበቶውን ይዟል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከቁም ሳጥኑ ጎን ተለጥፈናል። መዝሙሩ ከፍ አለ። በዚህ መሐል በሩ ተበርግዶ ዲንቄ ገባች።

ጠጥታ ነበር። መቃኑን ተደግፋ ሚዛኗን እስክትይዝ ቆመች፤ ከዚያ ሄዳ በእናቴና በአባቴ መካከል ገባች።

«ውጪ!» አላት አባቴ።

«አልወጣም።»

«አንቺ ሰካራም፣ ከቤቴ ውጪ ብያለሁ!»

«አዎ፣ ሰካራም ነኝ። እኔን ምታ። እኔ ዱላ ለምጃለሁ። እሷን ልቀቃት፣ ልጆቿ እያዩ ነው።»

እናቴን ለቀቀና ዲንቄን ወረወራት። ክንዷ ከበሩ ደፍ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ የተሰማውን ድምፅ አልረሳውም። ተንፏቅቃ ደፉ ላይ ተቀመጠችና የተሰበረውን እጇን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«አሲ ሂንበኡ» አለች፤ ከዚህ አልወጣም ማለቷ ነው።

በሩን መዝጋት አልተቻለም። ክፍት በር ያየ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ማየት ጀመረ። አንዲት ጎረቤት መጣች፤ ሌላዋ ተከተለች። መዝሙሩ ጠፋ። እናቴ ወለሉ ላይ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አባቴ ቀበቶ ይዞ፣ ሁሉም ሰው አየን። አባቴ ኮቱን አነሳ፤ ዲንቄን ተሻግሯት ወጣ።

ወጌሻ መጥቶ ክንዷን በቀርከሃ ስንጥር አሠረላት። እናቴ ለተሰበረ አጥንት አንጮቴ የሚባል ሥራሥር እንደሚበላ ሰምታ ከገበያ ገዛች፤ አሠራሩንም ጠይቃ ቀቀለች። እኔንም እጄን ይዛ በዚያ በተከለከልኩት አጥር በኩል ወሰደችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አዴ ዲንቄ ነው የምትያት» አለችኝ፤ አዴ በኦሮምኛ ታላቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው።

እናቴ ፀጉሯን እያበጠረችላት አዴ ዲንቄ ታሪኳን የነገረቻት በዚያ ሰሞን ነው። የአርጆ አገር ልጅ ናት። ገና ልጅ ሳለች ዳሯት። ነፍሰ ጡር ሆና ባሏ ጆሮዋን መታት፤ ፅንሱም ወረደ።

«ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል» አለች። «እራት ሰዓት ነበር። ሁሉም እራቱን ይበላ ነበር።»

ከዚያ ጠፍታ ነቀምቴ መጣችና አረቄ ቤት ተቀጠረች። ማውጣቱንም መጠጣቱንም እዚያ ለመደች። እናቴ መጠጡን እንድትተው ስትለምናት ደህናውን እጇን ዘርግታ አሳየቻት።

«ስተወው እንዲህ ይንቀጠቀጣል፣ የሂሩት እናት። ስጠጣ ነው የሚቆመው። አልችልም።» እናቴን የምትጠራት በእኔ ስም ነበር።

ሽማግሌዎች አከራያችን በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት ግን ስለ አባቴ ዱላ አልነበረም፤ ሰክራ የሰው ቤት ስለገባችው ሴት ነበር። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የግቢው ስም ጠፋ ተባለ። በመጨረሻ እናቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከቆመችበት ተናገረች።

«እሷ ባትገባ ኖሮ ዛሬ የምትሰበሰቡት ለቀብሬ ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ተነሳ፤ ስብሰባው ተበተነ። ቢሆንም አከራዩ አዴ ዲንቄን ቤቱን እንድትለቅ አደረጋት።

አባቴ ከዚያ በኋላ እጁን አላነሳም፤ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ይቀመጥ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር እናቴ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው ብላ ቀረች። እሱም በዚያው ቀረ።

አዴ ዲንቄ መናኸሪያው ጀርባ በላስቲክ በተሸፈነች ታዛ ሥር ገባች። ክንዷ ጠማማ ሆኖ ስለገጠመ እንስራ ማንሳት አቃታት፤ የምታወጣው ቀረና የምትጠጣው ብቻ ተረፈ። እናቴ ምግብ ስታመላልስላት አንዳንድ ቀን ታውቀን ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በድንጋይ ታባርረናለች። እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ትመለስና መንገድ ላይ ታለቅሳለች። አንድ የመስከረም ጠዋት ሞታ ተገኘች። ዕድር አልነበራትም። የቀበሯት እንደ እሷው አረቄ የሚያወጡ ሴቶችና እናቴ ናቸው። አንዷ በኦሮምኛ መዝሙር ጀመረች፤ መሐሉ ላይ ግጥሙ ጠፋት። ሌሎቹም ስላላወቁት አፈሩን መለሱ።

እናቴ ዛሬ አርጅታለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ከኡኬ በተመለስኩ ሰሞን ቤቷ ሄጄ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ በቅርቡ ከጎኗ ከተከራዩት ወጣት ባልና ሚስት ቤት ዕቃ ሲወድቅ ሰማን። ቀጥሎ የሴት ጩኸት መጣ። እኔ ስልኬን አንስቼ ለማን እንደምደውል ሳወጣና ሳወርድ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተነስታለች።

«እማዬ፣ ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ሰው እንጥራ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?» አለችኝና እያነከሰች ወጣች።

ተከተልኳት። የሰዎቹ በር ላይ ስትደርስ አላመነታችም፤ ቆርቆሮውን በመዳፏ መታችው።

«ክፈቱ! የሂሩት እናት ነኝ።»

ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ጸጥ አለ። የሚከፍት ግን አልመጣም። እናቴ መቃኑን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ደግማ መታች።