ለአባቴ የተቀመጠው ፈረሰኛ

ለብርሃነ ትንሣኤው ያደረሰን እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ምራቴ ለፋሲካ ምሳ ሳህን ስትደረድር፣ የዶሮው ወጥ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያን ዓመት አባቴ በግ ሊሸጡ ራቤል ገበያ ሄደው፣ ሰሙነ ሕማማት አልፎም አልተመለሱም ነበር። እናቴ ግን ከሞሰቡ ራስጌ አጎዛቸውን አንጥፋ፣ ከዶሮው የአባወራውን ብልት፣ ፈረሰኛውን፣ ለብቻው አስቀመጠች። ማዕዱን ሊባርኩ የመጡት የነፍስ አባታችን አዩት።

“ልጄ፣ ይህ ለማን ነው?”

“ለአባታቸው ነዋ፣ አባ።”

“ካልመጣስ?”

“እርስዎ ይባርኩት እንጂ፤ መጠበቁን ለእኔ ይተዉት።”

“እንግዲያስ ክደኚው፤ የሚጠበቅ ሰው ቀዝቃዛ አይበላም” ብለው ባረኩ።

ውሻው በጮኸ ቁጥር የሁላችንም እጅ ከሞሰቡ ላይ ይቆም ነበር። ዛሬም ማዕድ ተሰናድቶ ሳይ፣ ከመቀመጤ በፊት ደጅ ደጁን አያለሁ።

አንባብያን ሆይ፣ አምላክ ቤታችሁን ይባርክ፤ ከማዕዳችሁ የጎደለውን በሰላም ያግባላችሁ።