አራት ጊዜ የጠበበ ሱሪ

ልብስ ሰፊው በአንድ መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሰፍቷል። ሱቁ በዳቦ ቤቱና በአትክልት ቤቱ መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይብሳል። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ሳይስቅ አይወጣም።

ኑሮ በከፋበት ዓመት የመንገዱ ነጋዴዎች መከሩ። ጋጋሪው ዳቦ፣ አትክልት ሻጯ ድንችና ሽንኩርት፣ ባለሱቁ ሩዝና ዘይት እያዋጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተቸገሩ ቤተሰቦች በካርቶን ሊሰጡ ተስማሙ። ለማን እንደሚሰጥ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

"አንተ የማታውቀው ቤት የለም፤ ዝርዝሩን አንተው ያዝልን" አለችው አትክልት ሻጯ።

ደስ ብሎት አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ መዘገበ።

ከደንበኞቹ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ከሕመምተኛ ባለቤታቸውና እናቷ ከሞተችባት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ኮሌታቸው የተተኮሰ ነው። በዚያ ዓመት ግራጫ ሱሪያቸውን ወገቡን እንዲያጠብላቸው ይዘው መጡ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ሱሪ መልሰው አመጡት። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ።

"ጋሼ፣ ሸንቃጣ ጎረምሳ ሆኑብን እኮ! እትዬ እንዳይቀኑ!"

"ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ፤ እሱ ነው" ይሉታል ፈገግ ብለው።

ለአራተኛ ጊዜ ሲያጠበው ሁለቱ የኋላ ኪሶች ሊነካኩ ደረሱ። "ከዚህ ካለፈማ አንድ ኪስ ነው የሚቀርልዎት" ብሎ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ፤ የቆሙት ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ነበር።

በሳምንቱ ባለቤታቸው ግድግዳ እየተደገፉ መጡ። የልጅቷን የትምህርት ቤት ቀሚስ ዘረጉለት።

"ወገቡን ሰብስብላት፤ እየወለቀ አስቸገራት።"

የልብስ ሰፊው ጠመኔ እጁ ላይ ቀረ። "እትዬ... ቤት ውስጥ የሚበላ አለ?"

ሴትዮዋ ወደ ደጁ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጡረታው ለመድኃኒቴ ነው የሚሄደው። የተገኘችውን ለእኔና ለልጅቷ ያቀርብና፣ እሱ 'ውጭ ቀምሻለሁ' ይለናል። ትናንት ደረጃው ላይ ወድቆ ይኸው አልጋ ይዟል።"

ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ለቅዳሜ ከተዘጋጁት አንድ ካርቶን ተሸክሞ ቤታቸው ሄደ። መምህሩ አልጋው ላይ እንደምንም ቀና አሉ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅኩም።"

"ስንት ጊዜ ለካኸኝ?" አሉት፣ ሳይቆጡ።

"አራት ጊዜ።"

"እኔስ አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ። የአንተ እጅ ግን ወገቤ ላይ ነበር።"

አቀርቅሮ ካርቶኑን አልጋው አጠገብ አኖረው።

ካርቶኑን ለልጅቷ ሲሉ ተቀበሉ። ስማቸውም ዝርዝሩ ላይ ገባ፤ የልጅቷ ፊት መለስ አለ። የእሳቸው ጉልበት ግን አልተመለሰም። ክረምቱ ሲወጣ እህታቸው ሦስቱንም ሌላ ከተማ ወሰደቻቸው። ልብስ ሰፊው ዛሬ ነገ ሄጄ እሰናበታቸዋለሁ ሲል፣ ምን ብዬ ፊታቸውን አያለሁ ሲል፣ አንድ ጠዋት ቤቱ ተዘግቶ አገኘው።

ዝርዝሩን ለጋጋሪው ሊያስረክብ ሄደ። "እኔ ዓይን የለኝም፤ ሌላ ሰው ይያዘው።"

ጋጋሪው አልተቀበለውም። "ስድስት ዳቦ ይገዙ የነበሩት መምህር ሁለት ሲገዙ እኔስ መች ጠየቅኩ?" አለው፣ ዱቄት የነካውን እጁን እያየ።

አሁን ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት "የሚበላ አለ?" እያለ በየቤቱ እየዞረ ያንኳኳል። ገሚሱ "ማን ቸገራቸው አለህ?" ብሎ በሩን ይዘጋበታል። እሱም "ይቅርታ" ይልና ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል።